እሳት የላሰው የእጣን ዛፍ ዘንድሮ ይበጣ ወይስ ይረፍ?

ከመተማ ቆላ አንድ አባት የላኩልኝ ቮይስ አምስት ደቂቃ ይሆናል፣ ግማሹ ሰላምታ ነው፣ ያው የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ "ልጄ፣ የካቲት ላይ ከሰሊጥ ማሳ የተነሳ እሳት ገደሉን ይዞ ወጣና የማህበራችንን የእጣን ዛፍ ግማሹን ላሰው፣ እኔም በግሌ ያለማሁት አንድ ሄክታር የሙጫ ግራር ነበረኝ እሱንም አልማረውም። አሁን ግንዱ ከሰል መስሏል። ቆርጬ ሰሊጥ ልዝራበት ወይስ ዘንድሮም እየበጣሁ ያለውን ልልቀም? ትንሹ ልጄ ደሞ ኢንዶኔዥያ ያሉ የጎማ ዛፍ ገበሬዎች ከሰደድ እሳት በኋላ እንዴት እንዳገገሙ በስልኩ አሳየኝ፣ እኛስ ጎማ ብንተክል ምን አለ?"

ወንድም ጋሼ፣ ከሁሉም በፊት እንኳን ሰው አልተጎዳ። ከልጅዎ ጥያቄ ልጀምርና እሱን ቶሎ ልጨርሰው። የጎማ ዛፍ የአማዞን ልጅ ነው፣ አመቱን ሙሉ ዝናብ የሚፈልግ፣ እስከ 2000 ሚሊ ሜትር ቢያገኝ ደስ የሚለው። እናንተ ጋ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ከዛ በኋላ ሰማዩ ይዘጋል፣ ሙቀቱ ደሞ አለ። ስለዚህ ጎማ መተማ ላይ አይሆንም፣ ችግኝ ሻጭ ቢመጣባችሁም ብር እንዳታወጡ። ግን ልጁ ያየው ነገር ከንቱ አይደለም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ አብዛኛው ጎማ ያለው እንደ እርስዎ ባለ ትንሽ ገበሬ እጅ ነው፣ በፈረንጆቹ 2015 ደሞ በአገሪቱ በጠቅላላ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ተቃጥሏል። አዲስ የተተከለ ጎማ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪበጣ ከ5 እስከ 7 አመት ይወስዳል፣ እስከዛ ታዲያ ምን ይበላል? በረድፉ መሀል አናናስ፣ ሙዝ፣ ሩዝ፣ በርበሬ እየዘሩ ነው የሚቆዩት። ዛፉ እስኪደርስ መሀሉ ያበላል። እኛ የምንወስደው ይችን ነው፣ ወደታች እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ዛፍ። እጣኑን ዘንድሮ አይብጡት። አውቃለሁ ይሄ ለመስማት ከባድ ነው፣ ማህበሩ እዳ ሊኖርበት ይችላል፣ ልጆች ትምህርት ቤት አሉ፣ "ግማሹ እኮ ደህና ነው" የሚል ሰውም አይጠፋም። እኔም ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው አመት ቋራ ላይ እንዲህ ብለው ሲለምኑኝ "እሺ ቀስ ብላችሁ በሶስት በአራት ቦታ ብቻ ንኩት" ብዬ ፈቀድኩ። በመጀመሪያው አመት እጣኑ ወጣ፣ ሰው ደስ አለው፣ እኔም ጎበዝ ነኝ አልኩ። በሚቀጥለው ክረምት ግን ዛፎቹ ግማሽ ጎናቸው ብቻ ቅጠል አወጣ፣ ቅርፊቱን ስንልጠው ከስሩ ያለው እንጨት በጥንዚዛ ትል ተቦርቡሮ ዱቄት ሆኗል። ጥንዚዛው የደከመ ዛፍ ነው የሚፈልገው። በእሳት ብቻ ቢሆን ብዙዎቹ ይተርፉ ነበር፣ በኛ ቢላ ነው የሞቱት። ያቺን ምክር እስከዛሬ ስራዬ ውስጥ እንደ እሾህ ነው የማስታውሳት።

ምክንያቱም ዛፉ እጣን የሚያወጣው ቁስሉን ለመድፈን ነው፣ እጣን ማለት የዛፉ ፕላስተር ነው በለው። ያንን የሚሰራበት ስንቅ ደሞ ቅጠል በነበረበት ክረምት ያጠራቀመው ነው። በእሳት የተቃጠለ ዛፍ ያንኑ ስንቅ የተላጠ ቅርፊቱን ለመመለስ ይፈልገዋል። እዛ ላይ እኛ መንጋፍ (የመብጫውን ቢላ) ይዘን በየሁለት በየሶስት ሳምንቱ አዲስ ቁስል ስንከፍትበት በአንድ እጁ ሁለት ቦታ ይያዝ እንደማለት ነው።

ደሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፣ አምና ተበጥቶ የነበረው ዛፍ ካልተበጣው የበለጠ ይጎዳል፣ ምክንያቱም በቁስሉ ላይ የደረቀው እጣን ራሱ ማገዶ ነው፣ እሳቱ እዛ ቦታ ላይ ይቆይና ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሲያዩ ከድሮ ብጥ ቦታዎች ይጀምሩ።

አሁን የሚሰሩት እንዲህ ነው። በጠዋት ስለታም ቢላና ነጭ ቀለም ወይ ኖራ ይዘው ይውጡ፣ ልጁንም ይውሰዱት። እሳት ነፋስ ሲነዳው ግንዱን አልፎ ከኋላ ይጠቀለላል፣ ስለዚህ ነፋሱ ከመጣበት ተቃራኒ ያለው ጎን ላይ ጥቁሩ ከፍ ብሎ ያገኙታል፣ ከፊት ለፊት አይተው "ደህና ነው" አይበሉ። በግንዱ አራት ጎን፣ ጉልበት ከፍታ ላይ፣ አውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቅርፊት ብቻ ያንሱ። ውስጡ ቀላ ብሎ እርጥብ ከሆነና ትንሽ ቆይቶ ነጭ ጠብታ ካንጠባጠበ ያ ጎን በህይወት አለ። ቡናማ ሆኖ ደርቆ ቅርፊቱ ከእንጨቱ እንደ ካርቶን ከለቀቀ ያ ጎን ሞቷል። በአራቱም ጎን የሞተ ዛፍ ዙሪያውን ቅርፊቱ እንደተላጠ ዛፍ ቁጠሩት፣ ላዩ ላይ ቅጠል ቢያወጣም የሚበላው የተረፈ ስንቁን ነው። ሁለት ወይ ሶስት ጎኑ በህይወት ያለ ግን ይተርፋል። ምልክት አድርጉበት እንጂ አሁን ማንንም አትቁረጡ፣ ሐምሌ ላይ ሙሉ ቅጠል ሲያወጣ እንደገና ዞራችሁ እዩት። የእጣን ዛፍ በጋውን ቅጠሉን አርግፎ ነው የሚያሳልፈው፣ ሚያዝያ ላይ የቆመ ዛፍ ሁሉ ሬሳ ይመስላል፣ በዛ ተሳስተው ስንት ደህና ዛፍ ለከሰል ያወረዱ አሉ።

የዳነው ዛፍ ቢያንስ ሁለት ክረምት ይረፍ። ከዛ ሲጀመር ደሞ ግንዱ ከ10 ሳንቲ ሜትር የቀጠነው አይነካ፣ ትልቁም ቢሆን እንደ ድሮው 12 ቦታ መክፈት ይቅር፣ በተቃጠለው ጎን ጨርሶ አይበጣ፣ በደህናው ጎን በ3 ቦታ ተጀምሮ ምላሹ ይታይ። እና ያው እሳቱ አቅልጦት ግንዱ ላይ ያፈሰሰው ጥቁር እጣን ካለ ፈቅፍቃችሁ ልቀሙት፣ ግን ከነጩ ጋር በአንድ ጆንያ እንዳትቀላቅሉ፣ ነጋዴው ጥቂት ከሰል ያየ እንደሆነ ጆንያውን ሙሉ በዝቅተኛው ደረጃ ነው የሚመዝነው።

ቆርጦ ሰሊጥ መዝራቱን በተመለከተ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ የእጣን ዛፍ የቆመበት መሬት እኮ ድንጋያማ ተዳፋት ነው፣ አፈሩ ስስ ነው፣ ሰሊጥ አንድ ሁለት አመት ይሰጥና ጎርፍ ይወስደዋል። በዛ ላይ መሬቱ የማህበር ነው፣ ጣጣ አለው። ዛፉ ደሞ ተቆርጦ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። በ2019 በፈረንጆቹ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሱዳንን ጨምሮ አይቶ ከሶስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ቦታዎች ወጣት ዛፍ የለም ብሏል፣ እንዲህ ከቀጠለ በ20 አመት ውስጥ የእጣን ምርት በግማሽ ይወርዳል ነው ያለው። ችግኝ ሳይበቅል ቀርቶ አይደለም፣ ክረምት ላይ ይበቅላል፣ በጋ ላይ ላዩ ይደርቅና ስሩ ብቻ ይተርፋል፣ በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ይነሳል፣ እንዲህ እያለ አመታት ይፈጃል። እዛ መሀል ከብት ይበላዋል ወይ እሳት ይልሰዋል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ያዩትን ችግኝ ታህሳስ ላይ ቢያጡት ሞተ ብለው መሬቱን ለከብት እንዳይለቁት።

የግልዎ የሙጫ ግራር (ሱዳኖቹ ሐሻብ የሚሉት ከሆነ) የተሻለ ዜና አለው። እሱ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ላዩ የሞተውን ዝናብ ሳይጀምር፣ ግንቦት ላይ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው በሰያፍ በስለታም መጋዝ ይቁረጡት፣ ሰያፍ የሚሆነው ውሃ እንዳይቋጥር ነው። ክረምቱ ሲያልቅ ከበቀለው ውስጥ ጠንካራ ሁለት ሶስቱን ትተው ሌላውን ያንሱ። ጉቶው ጨርሶ የሞተበት ክፍት ቦታ ላይ ፍሬውን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድረው ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲደላደል በ4 በ4 ሜትር በቀጥታ ይዝሩት፣ ከዘር የበቀለው በ4 በ5 አመት ሙጫ መስጠት ይጀምራል፣ ከጉቶ የተነሳው ስር ስላለው ቀድሞ ይደርሳል።

እንግዲህ የኢንዶኔዥያዎቹ ነገር እዚህ ጋ ትመጣለች። ግራሩ እስኪያድግ መሀሉን ሰሊጥ ይዝሩበት፣ ሰሊጥ የፈለጉት እዚህ ነው እንጂ ገደሉ ላይ አይደለም። ከፊሉን ደሞ ማሾ ያድርጉት፣ ከ60 እስከ 75 ቀን ይደርሳል፣ እጅ ላይ ቶሎ ብር ይገባል፣ አፈሩንም ያግዛል። ሱዳን ኮርዶፋን ላይ ሰሊጥና ማሽላን ከሐሻብ ጋር እያፈራረቁ ነው የኖሩት፣ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ፍየል ብቻ አያስገቡ፣ የፍየል ነገር ከእሳቱ አያንስም።

የእጣኑ ቦታ ዘንድሮ የሚያበላችሁ ደሞ በሳሩ ነው። ከተቃጠለ ቦታ የሚነሳ ሳር ክረምት ላይ ሰው ይውጣል፣ የሚቀጥለው አመት እሳት ማገዶ እሱ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዘሩ ሳይረግፍ፣ ማህበሩ በደቦ ይጨደው፣ ግማሹን ለከብታችሁ፣ ግማሹን ገንዳ ውኃ ከተማ ወስዳችሁ ሽጡት፣ በጋ ላይ ድርቆሽ የማይፈልግ ከብት አርቢ የለም። አጭዳችሁ ስትጨርሱ በሰሊጡ ማሳ በኩል ያለውን ወሰን ከ6 እስከ 10 ሜትር ስፋት አፈር እስኪታይ ድረስ ጠርጉት፣ ከሰሊጡ ባለቤቶችም ጋር ሂላ (ታጭዶ እንዲደርቅ የተቆለለው ሰሊጥ) ከተነሳ በኋላ ገለባ ሲያቃጥሉ ቀን ነግረው፣ ነፋስ በሌለበት፣ ማታ ሰው አቁመው እንዲያቃጥሉ ተስማሙ። ማር ቆራጮችንም አትርሱ፣ ጭስ ይዘው ገብተው ችቦውን ሳያጠፉ የሚሄዱ ስንት ናቸው። ዘመናዊ ቀፎ ለሁለት ሶስት ወጣት ከሰጣችሁ ራሳቸው ጠባቂ ይሆናሉ፣ የእጣን ዛፍ በበጋ ነው የሚያብበው፣ ንብ ይወደዋል።

ልጁ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ዛፎች ከአራቱም ጎን ፎቶ እያነሳ ይላክልኝ፣ ከላይ ቅጠሉንም ከታች ቅርፊቱንም። የትኛው እንደሚቆረጥ ያኔ አብረን እናያለን፣ እስከዛ መጥረቢያውን የሙጫ ግራሩ ላይ ብቻ ይጠቀሙበት።