ጎርደን ደብረ ታቦር የመጣው በማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስንጓዝ አብረውን የነበሩ አንድ አባት፣ የሱዳን ገዥ የነበረው እንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ሊደራደር ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ እንደነበር አጫወቱን። እኔ ግን ሱዳን በእንግሊዝ እጅ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው ብዬ ተከራከርኋቸው። ማናችን ነን ትክክል?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል። ቻርለስ ጎርደን በ1825 ዓ.ም. ዉልዊች ተወልዶ በእንግሊዝ ጦር የመሐንዲስ መኮንን የሆነ፣ በክራይሚያ የተዋጋና በቻይና ጦር መርቶ ስመ ጥር የሆነ ሰው ነው። በ1866 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳኗ የኢኳቶሪያ አውራጃ፣ በ1869 ዓ.ም. ደግሞ የመላው ሱዳን ጠቅላይ ገዥ አድርጎ የሾመው ግን የእንግሊዝ መንግሥት ሳይሆን የግብጹ ኬዲቭ (የግብጽ ገዥ የማዕረግ ስም ነው) እስማኤል ነበር።

ደብረ ታቦር የገባውም በጥቅምት 1872 ዓ.ም. የካይሮ መልእክተኛ ሆኖ ነው። የግብጽ ጦር ጉንደትና ጉራዕ ላይ ድል ከተመታ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በዛሬዋ ኤርትራ የምትገኘው የቦጎስ ምድር ገና በግብጽ እጅ ነበረች። ዐፄ ዮሐንስ የተወሰደባቸው መሬት እንዲመለስ፣ የባሕር በር እንዲሰጣቸው፣ ጳጳስ እንዲላክላቸውና ካሳ እንዲከፈላቸው ጠየቁ። አዲሱ ኬዲቭ ተውፊቅ ግን ጎርደንን መሬት እንዳይሰጥ፣ ጦርነትም እንዳያስነሳ አዝዞት ስለነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀረበው ባዶ እጁን ነው። በአውሮፓ የተጻፉ ትረካዎች ድርድሩ የከሸፈው በዐፄ ዮሐንስ ቁጡነት እንደሆነ አድርገው ማቅረባቸው ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል፤ ድል ያደረገ ንጉሥ ርስቱን መጠየቁ ቁጣ ሊባል አይገባም። ጎርደን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሊወርድ ሲል በንጉሡ ሰዎች ተይዞ በምጽዋ እንዲወጣ ተደረገ፤ ከዚያም ሥልጣኑን ለቀቀ።

እንግሊዝ ግብጽን ከያዘች በኋላ በየካቲት 1876 ዓ.ም. ወደ ካርቱም የተመለሰው በለንደን ተልኮ፣ በማህዲስቶች (በግብጽ አገዛዝ ላይ ባመፁት የማህዲ ተከታዮች) የተከበበውን የግብጽ ጦር ለማስወጣት ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር ዐድዋ በተፈረመው ውል ከበባ ውስጥ የነበሩት ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲያልፉ ሲፈቅዱ፣ ጎርደን ደብረ ታቦር ላይ ሊሰጥ ያልቻለው ቦጎስ እንዲመለስላቸው ተስማሙ። ካርቱም በጥር 1877 ዓ.ም. ወድቃ ጎርደን እዚያው ተገደለ። እርስዎ ያሰቡት የእንግሊዝና የግብጽ ጥምር አገዛዝ በሱዳን የተመሠረተው ከጎርደን ሞት 14 ዓመት በኋላ፣ በ1891 ዓ.ም. ነው።