ስፖርት ጀምሮ ማቋረጥን በተመለከተ ለጠየቁት መልስ

ስፖርት በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት ፍላጎትዎ እየቀዘቀዘ እንደሚያቋርጡ ገልጸው፣ እንዴት መዝለቅ እንደሚቻል ጠይቀዋል። እኔ እንደማምነው ችግሩ ከስንፍና ሳይሆን ከአጀማመሩ ይመነጫል፤ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ የምትገኝ፣ ዳገት የበዛባት ከተማ በመሆኗ፣ በመጀመሪያው ቀን ወደ ጎሃ ተራራ በሩጫ የወጣ ሰው ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ በማግስቱም ባቱ ተሳስሮ ደረጃ መውረድ ሲያቅተው፣ ስፖርትን ከሥቃይ ለይቶ ማየት ይሳነዋል። ስለዚህ በእርምጃ ይጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚመክር ሲሆን፣ ይህም አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው፤ እየሄዱ መነጋገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልኩ ያ ነው።

እኔን ያጸናኝ ጓደኛ ነው። ከጎረቤቴ ጋር ንጋት 12 ሰዓት ከፒያሳ ተነሥተን ወደ ቁስቋም እንወጣለን፤ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ እንደሚጠብቀኝ ሳስብ፣ በክረምት ብርድ እንኳ ከአልጋ መነሣት አይከብደኝም። በጾም ወራት ሰዓቱን ወደ ማምሻ እናዛውረዋለን እንጂ አንተወውም። የስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት ግን፣ እባክዎ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።