«የቫይረስ ፕሮቲን መሥራት እፈልጋለሁ፤ የግድ ውጭ መሄድ አለብኝ?»

ጥያቄሽን ላሳጥረው። የባዮቴክኖሎጂ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ለምርምር የሚያገለግሉ የቫይረስ ፕሮቲኖችን ማምረት ትፈልጊያለሽ። የዲፓርትመንታችሁ ላብ ግን አንዱ ሲኖረው ሌላው ይጎድለዋል። ቤተሰቦችሽ ደግሞ «ቫይረስ ይዘሽብን ልትመጪ ነው?» ይላሉ።

ከቤተሰቦችሽ ልጀምር። ቫይረሱ እዚያ የለም በያቸው። የሚወሰደው የአንድ ፕሮቲን ጂን ብቻ ነው። ጂኑ ባክቴሪያ፣ እርሾ ወይም የእንስሳ ሴል ውስጥ ይገባል፤ ፕሮቲኑን የሚያመርተው ያ ሴል ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1986 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የተሠራው እንዲህ ነው፤ ያውም በዳቦ እርሾ። ከዚያ በፊት የነበረው ክትባት ፕሮቲኑን የሚያገኘው ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ደም ነበር። እናትሽ እርሾ ሲሠራ ስላዩ ይሄ አይከብዳቸውም።

አሁን ወደ አንቺ። ተማሪዎች ሲቪ ላይ «ኤላይዛ፣ ፒሲአር፣ ዌስተርን ብሎት» ብለው የላብ ምርመራ ዘዴዎችን ይደረድራሉ። አንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጠያቂዋ ሲቪውን ገፋ አደረገችና «የኤችአይቪን ፒ24 እና ጂፒ120 በምን ሴል ታመርታለህ?» አለችው። ልጁ ሳያቅማማ «ሁለቱንም በኢ. ኮላይ፤ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው» አለ።

ግማሹን አገኘ። ፒ24 የቫይረሱ የውስጥ ቅርፊት ፕሮቲን ነው፤ ስኳር የለበትም፤ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ይበቃዋል። ጂፒ120፣ የቫይረሱ የላይ ሽፋን ፕሮቲን፣ ግን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። ተራ ኢ. ኮላይ ያንን ስኳር መለጠፍ አይችልም። ስኳሩ ሲቀር ፕሮቲኑ በደንብ አይታጠፍም፤ ቅርጹን የሚያውቁት አንቲቦዲዎችም አይዙትም። ስለዚህ የአጥቢ እንስሳ ሴል፣ ለምሳሌ ሲኤችኦ (ከሃምስተር የተገኘ) ወይም ኤችኢኬ 293 (ከሰው የተገኘ)፣ ያስፈልጋል።

ልብ በይ፣ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ላብ አያስፈልግም፤ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃል። ዩኒፕሮት እና ፕሮቲን ዳታ ባንክ፣ የፕሮቲኖች መረጃና ቅርጽ የተከማቸባቸው ድረ ገጾች፣ በነፃ የሚከፈቱ ናቸው። አንድ ፕሮቲን ምረጪ። የኮቪድ ቫይረስ ሴል ላይ የሚጣበቅበትን ስፓይክ ብትወስጂ 1,273 አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት፣ አለው። ተመራማሪዎች 986ኛውንና 987ኛውን ፕሮሊን በሚባል አሚኖ አሲድ ቀይረዋል። ለምን? ከሴሉ ጋር ከመዋሃዱ በፊት ያለው ቅርጽ እንዲጸናላቸው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በእንዲህ ያለ ነገር ዙሪያ ብታደርጊው ደስ ይለኛል፤ የትኛውን ቁራጭ፣ በምን ሴል፣ እንዴት አጣርተሽ፣ ምን ልትለኪበት።

የእጅ ሥራው ግን ከወረቀት አይገኝም። ለአፓረንትሺፕ አዲስ አበባ ያለውን አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጠይቂ። በ1970 እ.ኤ.አ. በሥጋ ደዌ ምርምር የተጀመረ ቤት ነው፤ ኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት በሽታ መከላከያ ጥናት) ሥሩ ነው። ቢሾፍቱ ያለውንና የእንስሳት ክትባት የሚያመርተውን ተቋምም አትርሺ። ፕሮቲን አምርቺ ላይሉሽ ይችላሉ። ምናልባት የኤላይዛ ፕሌት፣ ውጤቱ በቀለም የሚታይበትን ባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን፣ ስታጥቢ ትከርሚያለሽ። ግዴለም፣ እጠቢ።

ፕሮቲኑን ተጠቅሞ የተቃጠለ ሰው ነው ጥሩ አምራች የሚሆነው። እኔ ላብ ውስጥ በነበርኩበት ጊዜ በዱቄት መልክ የመጣችልንን 100 ማይክሮግራም በአንድ ቱቦ በጠበጥኳት። በፈለግኩ ቁጥር አውጥቼ አሟሟታለሁ፣ መልሼ አቀዘቅዛታለሁ። በዚያ ላይ ቅዳሜና እሁድ መብራት ጠፋ። ሰኞ ፕሌቱ ቢጫ መሆን ሲገባው ውሃ መሰለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የታካሚዎቹን ሴረም (የደም ፈሳሽ ናሙና) ስጠረጥር ከረምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ተጣብቆ ተበላሽቷል። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍዬ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ባስቀምጠው ኖሮ አንዷ ብትበላሽ ሌላዋ ትተርፍ ነበር።

ውጭ ሀገር? ለማስተርስ ብትሄጂ ጥሩ ነው፤ በተለይ የአጥቢ ሴል ማሳደግን በደንብ የምትለምጂው ሥራው በየቀኑ የሚሠራበት ቦታ ነው። ዘንድሮ ግን ቪዛ የማይጠይቀውን ጨርሺ። ሲቪሽንም ላኪልኝ። «ዌስተርን ብሎት» የሚለውን ግን በእጅሽ ሠርተሽው ካላወቅሽ ከመላክሽ በፊት አውጪው።