ጀበናዋ ስንት ቀዳዳ አላት?

እህቴ፣ «ለፒኤችዲ አሜሪካ ልገባ ነው፣ ልቤ ያለው አልጀብራይክ ቶፖሎጂ ላይ ነው፤ ግን ማስተማሩ ምርምሩን አይበላውም ወይ? ዘርፉስ እንጀራ ያበላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አራተኛ ዓመቴ ላይ ነኝ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ቲኤ (የማስተማር ረዳት) ስትሆኚ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንልሻል፣ አበልም ታገኛለሽ። በተማሪ ቪዛ፣ ትምህርት ባለበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድም። ወረቀቱ ላይ 20 ይባል እንጂ ፈተና የሚታረምበት ሳምንት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ካልኩለስ ይዤ፣ ተማሪ «ይሄ ለምን ሆነ?» ሲለኝ «ግልጽ ነው» ብዬ አልፍ ነበር። መጨረሻ ላይ አንዱ በግምገማው «ግልጽ ከሆነ ለምን እንማራለን?» ብሎ ጻፈልኝ። የእጄን አገኘሁ።

ቶፖሎጂ ቅርጽ ሳይቀደድና ሳይጣበቅ ቢለጠጥም ቢጨመቅም የማይለወጠውን ነገር የሚያጠና ሒሳብ ነው። የነካው ሰው ሁሉ የሚደጋግማት ቀልድ አለች፤ የቡና ኩባያና ዶናት ሁለቱም አንድ ቀዳዳ ስላላቸው አንድ ናቸው የምትል። እኛ ጋ አትሠራም፣ ሲኒያችን ጆሮ የለውማ! የሲኒ ዘመዱ ሰሃን እንጂ ቦምቦሊኖ አይደለም። ስለዚህ አምና ጡት ያላትን ጀበናዬን ይዤ ክፍል ገባሁና «ስንት ቀዳዳ አላት?» አልኩ። አብዛኞቹ ሦስት አሉ፤ አፏ፣ ጡቷ፣ ጆሮዋ። መልሱ ሁለት ነው። ጡት ባይኖራት አፏ ብቻውን ቀዳዳ አይባልም፤ ጭቃው ገና እርጥብ ቢሆን አፏን እያሰፋሽ እያሰፋሽ ሰሃን ታደርጊዋለሽ። ጡት ሲኖራት ግን በአፏ ገብቶ በጡቷ የሚወጣ ክር ማሳለፍ ትችያለሽ፤ ያ አንድ። ጆሮዋ ሁለት። ይሄኔ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «አፏም ጡቷም ቢደፈንስ?» አለችኝ። የጆሮዋ ቀዳዳ ይቀራል፤ ሆዷ ውስጥ ደግሞ አየር ታፍኖ ይቀራል። ያ የታፈነው ባዶ ቦታ ክር አያሳልፍም፣ ሌላ ዓይነት ቀዳዳ ነው። ሆሞሎጂ ማለት ይኸው ነው፤ ቀዳዳዎችን በየዓይነታቸው፣ ግሩፕ በሚባሉ የአልጀብራ ስብስቦች መቁጠር። የመጀመሪያው ግሩፕ ክር የሚያልፍበትን፣ ሁለተኛው የታፈነውን ይቆጥራል። ልጅቷ ሳታውቀው የሚቀጥለውን ሳምንት ትምህርት ጠየቀችኝ።

ምርምሩ ግን እንደ ጀበና በእጅ አይያዝም። የምሠራው የሉሎች ሆሞቶፒ ግሩፖች ላይ ነው፤ አንዱን ሉል በሌላው ላይ በስንት ዓይነት መንገድ መጠቅለል ይቻላል የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1931 የሒሳብ ሊቁ ሆፕፍ ባለ 3 ዳይሜንሽኑን ሉል በባለ 2ቱ (በተራው የኳስ ገጽ) ላይ ሊፈታ በማይችል መልኩ መጠቅለል እንደሚቻል አሳየ። ሁሉንም ግሩፖች የሚሰጥ ቀመር እስከ ዛሬ አልተገኘም። እናም ቀኔ የሚያልፈው በነጥብ በተሞላ ሰንጠረዥ ፊት ነው፤ አዳምስ ስፔክትራል ሲኩዌንስ ይሉታል። ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀስት ትስያለሽ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ወደ ላይ። ቀስት ያገናኛቸው ሁለቱም ነጥቦች ይጠፋሉ፤ ስለ ግሩፖቹ የሚነግሩሽ የተረፉት ናቸው። ጭንቁ ቀስቱ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

አንዱን ቀስት «የለም» ብዬ አራት ወር ሙሉ በላዩ ላይ ስገነባ ከረምኩ። አንድ ቀን ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳስረዳ «ለምን የለም?» አለኝ። «ግልጽ ነው» ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ቀስቱ አለ። አራቱ ወር ውሃ በላው። ማስተማር ምርምሬን አልበላውም የምልሽ ለዚህ ነው፤ ያ ልጅ ባይጠይቀኝ ይሄኔ የተሳሳተ ጽሑፍ ለመጽሔት ልኬ ነበር።

እንጀራውን በተመለከተ፣ የ2016ቱ የፊዚክስ ኖቤል ቶፖሎጂ ነክ ለሆነ ሥራ ተሰጥቷል፣ በመረጃ ትንተናም ሆሞሎጂን የሚጠቀሙ አሉ። ለዚያ ብለሽ ግን አትግቢ፤ እነሱ የሚሠሩትና የኔ ነጥቦች አይተዋወቁም። ከኔ ቀድመው የወጡትን ያስቀጠራቸው ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋና ማስተማር መቻላቸው ነው። ከመግባትሽ በፊት እዚያው ላሉት ተማሪዎች ጻፊና በሴሚስተር ስንት ክፍል እንደሚያስተምሩ ጠይቂያቸው።

ጀበና የምትይዢ ከሆነ በጋቢ ጠቅልለሽ ያዢያት። የኔ የመጀመሪያዋ ሻንጣ ውስጥ ጆሮዋ ተሰብሮ፣ ባለ አንድ ቀዳዳ ሆና ነው የደረሰችው።