ካውንስለርሽ አልናቀችሽም፤ የያዘቻቸው ተማሪዎች በዝተውባት ነው

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልመልስ ማደር አልቻልኩም። ፊኒክስ፣ አሪዞና ያለሽ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነሽ። የትምህርት ቤትሽ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) አሥር ደቂቃ አነጋግራ አሰናበተችሽ። ቨርሞንት ያለችውን የአክስትሽን ልጅ ግን ካውንስለሯ አብራት ቁጭ ብላ የኮሌጅ ማመልከቻ ታስሞላታለች። «ሰነፍ መስያት ይሆን?» አልሽኝ።

አይደለም። የአሜሪካ የትምህርት ቤት ካውንስለሮች ማኅበር ለአንድ ካውንስለር ከ250 ተማሪ አይብለጥ ይላል። በ2022–23 የአገሪቱ አማካይ 385 ነበር። አሪዞና ከ600 በላይ፣ ቨርሞንት ደግሞ ከ250 በታች። በዚያ ላይ ካውንስለርሽ የትምህርት ፕሮግራም ታወጣለች፣ ፈተና ታስተባብራለች፣ ሲያለቅስ የመጣውንም ልጅ ታጽናናለች። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አንድ ልጅ የሚያገኘውን እርዳታ የሚወስነው ወላጆቹ ሥራና ቤት ያገኙበት ስቴት ሆኗል።

እስኪስተካከል ግን አንቺ መጠበቅ አትችዪም። ስለዚህ ለቀጣዩ አሥር ደቂቃ ተዘጋጅተሽ ግቢ። ስለራስሽ አንድ ገጽ ጻፊ፦ ውጤትሽን፣ ቅዳሜና እሑድ የምትሠሪውን ሥራ፣ እናትሽ የሌሊት ሽፍት ሲገቡ ታናናሾችሽን አብልተሽ የምታስተኚው አንቺ መሆንሽን። «ይሄማ የቤት ውስጥ ሥራ ነው» ብለሽ እንዳትተዪው። በደንብ የማታውቅሽ ካውንስለር የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፍልሽ የምትይዘው ያንን ገጽ ነው። ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂያት፦ የማመልከቻ ክፍያ የሚያስቀርልሽን ፎርም፣ ደብዳቤውንም መቼ እንደምታደርስልሽ። «ኮሌጅን በተመለከተ ምን ላድርግ?» ብለሽ ከጀመርሽ ሰዓቱ እዚያው ያልቃል።

አባትሽ «የታክስ ወረቀቴን ለማንም አላሳይም» ማለታቸውን ግን በፍጹም አልቀበልም። ፋፍሳ (የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ላይ የታክስ መረጃው እንዲወሰድ የወላጅ ፈቃድ ከሌለ፣ ፔል ግራንት (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው የትምህርት ገንዘብ) አይታሰብም። ፔል ግራንት ደግሞ ብድር አይደለም፤ አይመለስም። መንግሥት እንደሆነ የአባትሽን ገቢ ድሮውኑ ያውቀዋል። እምቢታቸው የሚጎዳው አንቺን ብቻ ነው። ይህን አንቀጽ አንብቢላቸው።

ነርሲንግ ግቢ የሚሉሽን ለጊዜው ተዪው፤ ዘንድሮ መወሰን የለብሽም።

እኔ ብሆን እዚያው ፊኒክስ አካባቢ ካሉት የማሪኮፓ ኮሚኒቲ ኮሌጆች (የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የሚያስተምሩ የሕዝብ ኮሌጆች) በአንዱ እጀምራለሁ። ክፍያው ቀላል ነው፤ ወደ አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግር የተዘጋጀ መንገድም አላቸው። «ሰው ምን ይላል» ያሉት እናትሽ አይስጉ፤ እኔም ያለፍኩት በኮሚኒቲ ኮሌጅ ነው። ዲግሪዬ ላይ የተጻፈው የጨረስኩበት ዩኒቨርሲቲ ስም ነው።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ከመጀመሩ በፊት ገጹን ይዘሽ ቢሮዋ ሂጂ። ካላገኘሻት በኢሜይል ላኪላት፣ ለእኔም አንድ ቅጂ። አርሜ እመልስልሻለሁ።