«ለገና ይወርዳል»፦ የአንድ በግ ክርክር

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። በ1985 ፍኖተ ሰላም ሒሳብ ሲያስተምሩ ኋላ ወንበር ላይ ሆነው ከሚያወሩት አንዱ ነበርሁ። ወሬ አሁንም አልተውሁም፤ የጻፍሁልዎትም በወሬ ምክንያት ነው።

ነሐሴ 12 ቀን 2003 ዓ.ም. ማታ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኦባማ የሶሪያው በሽር አል አሳድ ከሥልጣን ይውረድ ማለታቸውን ከጓደኛዬ ጋር ሆነን በሬዲዮ ሰማን። እኔ «አሜሪካ ውረድ ካለችው አለቀለት፤ ለገና ቤተ መንግሥት አይገኝም» አልሁ። ጓደኛዬ «ገና ነው» አለ። ተወራረድን። ፍልሰታ ስለነበር ሥጋ አምሮን መሰለኝ፣ ያስያዝነው በግ ነው። ገና አለፈ፣ ሰውየው ንቅንቅ አላለም። ለፋሲካ በጉን ገዝቼ አስረከብሁ፤ እሱም እኔንና ባለቤቴን ጠርቶ አብረን በላነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።

እንግዲህ አሳድ ኅዳር 29 ቀን 2017 ወደ ሞስኮ ሸሸ። ለገና ልክ አንድ ወር ሲቀረው! የትኛው ገና እንደሆነ ደግሞ አልተነጋገርንም። ጓደኛዬን «በጌን መልስ» ብለው ይስቅብኛል። በጉ ለማን ይገባል? ሌላ ጊዜስ አንድ ትልቅ መንግሥት አንዱን መሪ ውረድ ሲለው፣ መውረድ አለመውረዱን ለመገመት ምኑን ልይ?

ተወራራጁ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ

ልጄ፣ በጉ የጓደኛህ ነው። ለፋሲካ ገመዱን ይዘህ ስታስረክብ፣ የተባለው ገና የ2004ቱ መሆኑን በእጅህ ፈርመሃል። ከእሱ ወዲህ አሳድ ደማስቆ ተቀምጦ 12 ሌላ ገና አልፏል። በአንተ አቆጣጠርማ ገና ሳይደርስ የማይወርድ መሪ በዓለም ላይ የለም፤ እኔም የምሞተው ለአንዱ ገና ጥቂት ሲቀረው ነው። ጓደኛህ የረታህ በራስህ ቃል ነው፤ አንተ «ለገና» አልህ፣ እሱ «ገና ነው» አለ። ሥጋውን አብራችሁ ከበላችሁ ደግሞ ግማሹ ተመልሶልሃል፤ ይህን ለባለቤትህ ንገርልኝ።

ሁለተኛው ጥያቄህ ይሻላል። ከመመለሴ በፊት ግን የራሴን ልናዘዝ።

በ1983 ደብረ ማርቆስ ጀማሪ መምህር ነበርሁ። ጎጃም ከደርግ እጅ ወጥቷል። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ለቅቀው ይሄዳሉ ወይስ አይሄዱም በሚል ከአንድ የጂኦግራፊ መምህር ጋር በኪሎ ቡና ተወራረድን። አይሄዱም ያልሁት እኔ ነኝ። ምክንያቴ ንግግራቸው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰው እንዋጋለን ሲባል እየሰማሁ ስላደግሁ ቃላቸውን እንደ ማስረጃ ቆጠርሁት። ግንቦት 13 ቀን ብላቴ ያሉትን ሠልጣኞች ሊጎበኙ ተነሡ የተባሉት ሰው በናይሮቢ በኩል ሐራሬ ገቡ። ሬዲዮው ሲናገር ሻይ እያማሰልሁ ነበር፤ ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። የጂኦግራፊው መምህር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ባዶ የቡና ከረጢት አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ቡናውን ስከፍለው ምን አይቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አንተ አፋቸውን ታያለህ፣ እኔ ካርታ አያለሁ» አለኝ። ምጽዋ በ1982 የካቲት ሄዳለች። ሶቪየት ኅብረት ለራሷም ቸግሯት መሣሪያ የማቅረቡን ነገር እየተወችው ነው። ሰሜኑ ሄዷል፣ ጎጃምም ሄዷል። በሌላ በኩል የዚምባብዌው ሙጋቤ በራቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ፤ የአሜሪካው የአፍሪካ ጉዳይ ኃላፊ ኸርማን ኮኸንም በሽምግልና ይሯሯጣሉ። የኮኸን ሽምግልና ብቻውን ምን ያደርግ ነበር? ከሁለት ዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ ሻይ ጠጥተው ይመለሱ ነበር።

እኔ እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የማየው ይህንን ነው፦ የውጩ ድምፅ ምን ያህል እንደጮኸ ሳይሆን ወንበሩን እነማን ደግፈው እንደያዙት፣ ከእነሱም እጁን ማላላት የጀመረ መኖሩን። አባቴ ይህንኑ በሌላ አነጋገር ይለው ነበር። በ1933 ጣሊያን ጎጃም ሲያዳግተው የቀድሞውን ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ወደ ደብረ ማርቆስ መልሶ አመጣ። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ገብተው፣ ከእንግሊዞቹና ከአርበኛው ጋር እየገፉ ነው። ጣሊያን መጋቢት መጨረሻ ላይ ከተማዋን ለራስ ኃይሉ ትቶ ወደ ዓባይ ወረደ። ራስ ኃይሉም ከተማዋን ይዘው አልተዋጉም፤ ጃንሆይ መጋቢት 28 ቀን ሲደርሱ ገቡላቸው። አባቴ ያኔ ልጅ ነበር። የከተማው ሰው የጦርነቱን ወሬ ከማንም አይጠይቅም ነበር ይላል፤ ማታ ማታ ማን ወደ ማን ደጅ እንደሚሄድ ብቻ ይቆጥራል። መብራት ይዞ የሚሄደውን አይደለም፣ ሳይዝ የሚሄደውን።

ጋምቢያን እይ። ያህያ ጃሜ 22 ዓመት ገዝቶ በኅዳር 2009 ምርጫ ተሸነፈ፤ መጀመሪያ እሺ ብሎ ኋላ አሻፈረኝ አለ። ኢኮዋስ የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ጦሩን ድንበር ላይ አሰለፈ። እኛ ጥር 11 ቀን ታቦት አጅበን ስንዘምር ምርጫውን ያሸነፈው አዳማ ባሮው የሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ቃለ መሐላ ፈጸመ፤ የሴኔጋልም ጦር ድንበር ተሻገረ። ጥር 13 ቀን ጃሜ ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ በረረ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የሴኔጋልን ታንክ ነው። እኔ የያዝሁት ሌላውን ነው፤ የገዛ ጦሩ አዛዥ ወታደሮቼን በማይረባ ጠብ ውስጥ አላስገባም አለ። ያን ቀን ለተወራረደ ሰው ነገሩ ያለቀለት ነበር። መሄጃ አገርም ተገኝቶለት ነበር። መሄጃ የሌለው መሪ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ከፍርድ ቤትና ከቤተ መንግሥት አንዱን ምረጥ ብትለው ምን የሚመርጥ ይመስልሃል?

የጎረቤታችን የሱዳኑ ኦማር አል በሽር ነገር ይህን ያሳያል። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2001 የካቲት የእስር ማዘዣ አወጣበት። ሰውየው ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ገዛ፤ እየተሳፈረም ካገር አገር ዞረ። የጣለው ማዘዣው አይደለም። በ2011 ታኅሣሥ አትባራ ላይ በዳቦ ዋጋ የተነሣው ሰልፍ ካርቱም ደርሶ፣ የገዛ ጄኔራሎቹ ሚያዝያ ላይ «በቃ» አሉት።

አሁን ወደ አሳድ እንመለስ፤ አንተ ለምን እንደተሳሳትህ ይገባኛል። በዚያው በ2003 የቱኒዚያው ቤን አሊ ጥር 6፣ የግብፁ ሙባረክ የካቲት 4 ወርደዋል። አንተ በተወራረድህበት ሳምንት ደግሞ ትሪፖሊ ከጋዳፊ እጅ እየወጣች ነበር። ዓይንህ ያየው የሚወድቅ ብቻ ነው። ግን ሙባረክን የግብፅ ጦር ትቶታል፤ በጋዳፊ ላይ የኔቶ አውሮፕላን እየወረደ ነበር። በአሳድ ላይ ምን ነበረ? መግለጫ ነበረ፣ ማዕቀብ ነበረ። የጦሩ አለቆች የራሱ ወገኖች ናቸው፣ ኢራን አለችለት። መስከረም 23 ቀን 2004 ሩሲያና ቻይና በጸጥታው ምክር ቤት የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ አብረው ጣሉት። ያን ዕለት ጓደኛህ ዘንድ ሄደህ «በግማሽ በግ እንስማማ» ማለት ነበረብህ። በ2008 መስከረም የሩሲያ አውሮፕላኖች ራሳቸው ገቡና ወንበሩን ይበልጥ አጸኑት።

በ2017ስ ማን ጣለው? ኦባማ ሥልጣን ከለቀቁ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሩሲያ ዩክሬን ላይ ተጠምዳለች፣ ሌላው ደጋፊው የሊባኖሱ ሒዝቦላህ ከእስራኤል ጋር ተዋግቶ ደክሟል። አማፂዎቹ ኅዳር 18 ተነሡ፤ ኅዳር 29 ደማስቆ ገቡ። 13 ዓመት ያልተነቃነቀው በ11 ቀን አለቀ። «አሜሪካ ስላለች ወረደ» ብለህ በጉን ስትጠይቅ ጓደኛህ ቢስቅ አይፈረድበትም።

የሒሳብ ተማሪዬ ስለሆንህ ሒሳብ ሳልሰጥህ አልለቅህም። አንድ መሪ በዓመት ውስጥ የመውረድ ዕድሉ 20 ከመቶ ነው ብለህ ተነሥተሃል እንበል። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ገና አምስት ወር አይሞላም፤ ለዚያ የሚደርሰው 8 ከመቶ ገደማ ነው። አብዛኛው ተወራራጅ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፤ የመውረዱን ነገር አስቦ የቀኑን ነገር አያስብም። ሁለተኛ፣ ግምትህን በቁጥር ጻፍ። ግሌን ብራየር የሚባል አሜሪካዊ የአየር ትንበያ ባለሙያ በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመዘኛ አለ። የሆነው ነገር 1፣ ያልሆነው 0 ነው፤ ከግምትህ ያለውን ልዩነት በራሱ ታባዛና ቅጣትህን ታገኛለህ። አንተ «አለቀለት» ስትል 1 ማለትህ ነው፤ 0 ሆነ፤ ቅጣትህ 1 ሙሉ። 0.7 ብትል 0.49 ነበር። 0.1 ብትልማ 0.01 ብቻ። የጓደኛህን ነጥብ ግን ልሰጠው አልችልም፤ «ገና ነው» ቁጥር አይደለም።

«መውረድ» ማለት ምን እንደሆነም ቀድማችሁ ተስማሙ። የሃይቲው አሪስቲድ የካቲት 21 ቀን 1996 በአሜሪካ አውሮፕላን ተሳፍሮ ወጣ። አሜሪካኖቹ «ፈቅዶ ለቀቀ» አሉ፤ እሱ «አፍነው ወሰዱኝ» አለ። «በፈቃዱ ይለቃል» ብሎ በበግ የተወራረደ ሰው ቢኖር፣ ያ በግ እስከ ዛሬ በረት ውስጥ አርጅቶ ይሞት ነበር።

ጥያቄ

መምህር፣ የኡጋንዳው ኢዲ አሚን በ1971፣ የኮትዲቯሩ ግባግቦ በ2003፣ የሱዳኑ አል በሽር በ2011፤ ሦስቱም የወደቁት ሚያዝያ 3 ቀን ነው። ወንድሜ አጋጣሚ ነው ይለኛል። እኔ ግን ሦስት አጋጣሚ አይዋጥልኝም።

አንዲት አንባቢ፣ ከሞጣ

መልስ

እኅቴ፣ ቀኖቹን አገላብጬ አየኋቸው፤ ልክ ነዎት። ካምፓላ በታንዛኒያ ጦር የተያዘችው፣ ግባግቦ አቢጃን ውስጥ የተያዘው፣ አል በሽርም የታሰረው ሚያዝያ 3 ነው። በዚህ ዓይን ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ብዙ አላገኘሁም።

ያም ሆኖ ከወንድምዎ ጋር ነኝ። 23 ሰው የተሰበሰበበት ሰርግ ቢሄዱ፣ ሁለት ሰው በአንድ ቀን ተወልዶ የማግኘት ዕድልዎ ከግማሽ ይበልጣል። ሦስት ሰው ለማግኘት 88 ሰው ይበቃል። በእነዚህ 50 ዓመታት በዓለም ላይ የወደቁት መሪዎች ደግሞ ከ88 እጅግ ይበልጣሉ። እርስዎ ሦስቱን ለቀሟቸው፤ የፊሊፒንሱን ማርቆስ የካቲት 18፣ መንግሥቱን ግንቦት 13፣ ጃሜን ጥር 13፣ አሳድን ኅዳር 29 ተዋቸው። ሦስቱን የጣላቸውም አንድ ነገር አይደለም። አሚንን የውጭ ጦር፣ አል በሽርን የራሱ ጦር፣ ግባግቦን ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ።

ወንድምዎ ግን በዚህ አይኩራራ። በመጪው ሚያዝያ 3 ሬዲዮዬን ከጠዋት ጀምሬ መክፈቴ አይቀርም።