የሙዝ ዋፍል ለምን ይጣበቃል?

እህቴ፣ «የሙዝ ዋፍል ስጋግር ይጣበቅብኛል፣ ከወጣ በኋላም ይልፈሰፈሳል» ላልሽው፣ ጥፋቱ የዋፍል መጋገሪያው፣ ማለትም ሊጡን በሁለት የጋሉ ብረቶች መካከል የሚጋግረው ባለ ክዳን ዕቃ፣ አይመስለኝም፤ የፍራፍሬው ውኃና ስኳር ነው። እኔም አንድ እሑድ ማንጎ ከትፌ ሊጡ ውስጥ ጨምሬ፣ ረፋዱን በሙሉ መጋገሪያውን በእንጨት ስንጥር ስፈለፍል አሳልፌአለሁ።

ለ2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት 3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ 2 እንቁላል፣ 1 ኩባያ ተኩል ወተትና ሲሶ ኩባያ ዘይት ይበቃል። ሊጡ ውስጥ የሚገባው ፍራፍሬ ልጣጩ የጠቆረ አንድ ሙዝ ብቻ ነው፤ በሹካ ደፍጥጪው። ከዚያ ወዲያ ስኳር አያሻም። የእንቁላሉን ነጭ ለብቻው አረፋ እስኪሆን መትተሽ በመጨረሻ ቀስ ብለሽ ቀላቅዪው። ሊጡን አብዝተሽ አታማስዪ፤ ያልተፈታ ዱቄት እዚህም እዚያም ቢታይ ግድ የለም።

መጋገሪያውን በደንብ አግለሽ ዘይት ቀቢው። እንፋሎቱ ጋብ እስኪል ክዳኑን አትንኪ፤ ቀድመሽ ከከፈትሽው ዋፍሉ ለሁለት ይገነጠላል። የወጣውንም ሳህን ላይ አትደራርቢ፣ በገዛ እንፋሎቱ ይርሳል፤ የሽቦ መደርደሪያ ላይ አሳርፊው። ማንጎ ወይም እንጆሪ ካማረሽ ሲቀርብ ከላይ ይሁን፣ ከጥቂት ማር ጋር።